ቃለአብን ስጪኝ

"ቃለአብን ስጪኝ" አሉ እትዬ ማዘንጊያ፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ እያስተካከሉ።

ናርዶስ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። ሴትዮዋን በሩቁ ታውቃቸዋለች፤ እዚሁ ሳጃና ሰፈር ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ትንሽ ሻይ ቤት አላቸው። ቀኑ አርብ ነው። ካርቱም ሥራ የሚፈታበት ቀን ስለሆነ የአበሻው ንባብ ቤት የሚደምቀውም አርብ ነው።

"ማንን አሉኝ እትዬ?"

"ቃለአብን ነዋ። ልጄን።"

ናርዶስ በመስኮቱ አሻግራ ግቢውን አየች። "እዚህ የገባ ልጅ አላየሁም። በሩ ላይ ጠባቂውን ኢሳን ቢጠይቁት..."

እትዬ ማዘንጊያ ሳቃቸው መጣ። "አይ የኔ ልጅ! ለካ አዲስ ነሽ። ጋሼ በየነ እኮ ገና በሩ ላይ ሲያዩኝ ነበር ተነስተው የሚያመጡልኝ። ያቺ ጥግ ላይ ያለችው መደርደሪያ አለች አይደል? ቀይ ልባስ ያላቸው የጸሎት መጻሕፍት ያሉባት። ከእነሱ አንዱ ነው። ጀርባው በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። እኔው ነኝ የሰፋሁት፣ ክሩን ስታይ ታውቂዋለሽ።"

ይህን እያሉ ወደ ጥጉ ዞሩ። መደርደሪያዋ ተወልውላ ታበራለች። ላይዋ ላይ የቀረው ቀይ መጽሐፍ ግን አንድ ብቻ ነው፣ ጀርባው ላይ አዲስ ቁጥር የተለጠፈበት። የእትዬ ማዘንጊያ ሳቅ ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ይህ የሆነው የሱዳኑ ጦርነት ገና በማንም ልብ ሳይታሰብ፣ ካርቱም በሙቀቷና በአቧራዋ ብቻ በምትታማበት ጊዜ ነው። የአበሾቹ ማኅበር ንባብ ቤት አንዲት ክፍል ናት፤ ጣራዋ ላይ የሚንቋቋ ማራገቢያ፣ ግድግዳዋን ይዘው የቆሙ መደርደሪያዎች፣ መሐል ላይ ረጅም ጠረጴዛ። ለብዙ ዘመን የያዟት ጋሼ በየነ ነበሩ። መጽሐፍ የፈለገ ሰው እሳቸውን ይጠይቃል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ትንሽ ያስቡና ሄደው መዘዝ ያደርጋሉ። በኋላ ዓይናቸው ደከመና ገዳሪፍ ካለችው ልጃቸው ዘንድ ሄዱ፤ ቁልፉም ለናርዶስ ተሰጠ።

ለምን ለእሷ ቢባል፣ ናርዶስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህንኑ የቤተ መጻሕፍት ትምህርት የምትማር ልጅ ናት። እዚያው ካርቱም ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛን ትናገረዋለች እንጂ ፊደሉን ስታነብ ቀስ እያለች ነው። ትጉህ ናት። ንባብ ቤቱን ከፍታ የገባች ዕለት ያየችው ነገር አስደነገጣት። የሕግ መጽሐፍ ከልጆች ተረት ጋር፣ የመኪና ጥገና ከታሪክ ጋር ተደባልቆ ተቀምጧል። የት ምን እንዳለ የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ፣ እሳቸውም ገዳሪፍ ናቸው! አስተማሪዋ አንድ ቀን ያሉት ትዝ አላት፦ "ሥርዓቱ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ካለ፣ ሰውየው የታመመ ዕለት ቤተ መጻሕፍቱም አብሮ ይታመማል።"

ስለዚህ ንባብ ቤቱን ለጥቂት ሳምንታት ዘግታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ገባችበት። እያንዳንዱን መጽሐፍ ከፊት ገልጣ የርዕሱን ገጽ ታያለች። ርዕሱን፣ ጸሐፊውን፣ የታተመበትን ቦታና ዓመት ካርድ ላይ ትጽፋለች። ይህን ሥራ በአረብኛ ፈህረሳ ይሉታል፤ መጽሐፉን ያላየው ሰው ካርዱን አይቶ እንዲያገኘው ማድረግ ነው። ከዚያ የሚመሳሰለውን ከሚመሳሰለው ጎን ታስቀምጣለች፣ ጀርባው ላይም ቁጥር ትለጥፋለች። የመኪናው ከመኪናው፣ ተረቱ ከተረቱ ጋር ገባ። እውነቱን ለመናገር ቤቱ አማረበት።

ከዚያ ጥጉ ላይ ደረሰች። መደርደሪያዋ ሙሉ አንድ ዓይነት የጸሎት መጽሐፍ! ርዕሱ አንድ፣ ማተሚያ ቤቱ አንድ፣ ልባሱም ያው ቀይ። ከፊት ገልጣ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ የሚለያዩበት ነገር የለም። የማኅበሩን ሰዎች ብትጠይቅ "እሱን ጋሼ በየነ ናቸው የሚያውቁት" ብለው አለፏት። በተማረችው መሠረት ርዕሱ አንድ የሆነ መጽሐፍ አንድ ካርድ ይበቃዋል፤ የተረፈው ቅጂ ቦታ ከሚይዝ ለሚያስፈልገው ሰው ይሰጣል። እሷም ንጹሑን አንዱን አስቀረች። ሌሎቹን ከከተማው ዳር፣ ማዮ በሚባለው የተፈናቃዮች ሰፈር ለሚኖሩ አበሾች ልትልካቸው በጆንያ ከተተቻቸው። ጆንያዎቹንም በረንዳ ላይ፣ ለወረቀት ገዢ ከተዘጋጁት የአሮጌ ጋዜጣ ጆንያዎች አጠገብ አቆመቻቸው።

ልጅቱ በዚህ ሥራ ኮርታ ነበር፤ ልቧ ንጹሕ ነው፣ አትፍረዱባት።

"የት ሄዱ?" አሉ እትዬ ማዘንጊያ።

"አይጨነቁ እትዬ፣ ውጭ በረንዳው ላይ ናቸው። ማዮ ላሉ ሰዎች ልልካቸው ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆኑ እኮ ነው። ይችው አንዷ አለች፣ ያው ናት" ብላ ቀዩን መጽሐፍ አውርዳ ሰጠቻቸው።

እትዬ ማዘንጊያ ተቀብለው ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። "ይቺ የኔ አይደለችም፤ ክር የላትም።" ከዚያ መጽሐፉን ከኋላ ገለጡትና መጨረሻው ቅጠል ላይ አድርሰው መለሱላት። "እኔ ማንበብ አልችልም። ማን እንደሆነች እስቲ አንቺ አንብቢው።"

ናርዶስ አየችው። ባዶ መሆን የነበረበት የመጨረሻ ቅጠል በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ተሞልቷል። ቃላቱን እየለቀመች አነበበች፦ "ይህ መጽሐፍ... ለፍቅርተማርያም... መታሰቢያ ይሁን። ባሏ ስለሺ ሰጠ። ባሕር ላይ ቀረች። ያነበበ ሁሉ... ነፍስ ይማር ይበል።"

"አዎ፣ የስለሺ ሚስት ናት" አሉ እትዬ ማዘንጊያ ራሳቸውን እየነቀነቁ። "ነፍስ ይማር።"

ናርዶስ ቀና ማለት አቃታት። "እትዬ... ሌሎቹም ላይ እንዲህ ተጽፏል?"

"ሁሉም ላይ ነዋ! ካርቱም የሞተ ሰው መቃብር አለው፣ ሄደሽ ታለቅሺበታለሽ። በረሃ የበላው፣ ባሕር የበላው ምን አለው? ጋሼ በየነ ናቸው መላ የዘየዱልን። ሬሳ ያላገኘ ሰው መጽሐፍ ይሰጣል፤ እሳቸው መጨረሻው ላይ ስሙን ይጽፋሉ። ጸሎቱን አንብቦ የጨረሰ ሰው ስሙን ያገኝና ነፍስ ይማር ይላል። አንድ ዓይነት የሆኑት የመተማው ነጋዴ ይዞልን የሚመጣው ይህንኑ ብቻ ስለሆነ ነው።" ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "ቃለአብ ወደ ሊቢያ ሲሄድ መኪናቸው ሰሐራ ላይ ተበላሸ። ደውሎ የነገረኝ የተረፈው ጓደኛው ነው። የልጄ ስም በዚህ ዓለም ላይ የተጻፈው እዚያች ቅጠል ላይ ብቻ ነው።"

ናርዶስ እየሮጠች ወጣች። እያንዳንዱን መጽሐፍ ከፊት አይታለች፤ ከኋላ አንዱንም አላየችም! የርዕስ ገጽ ከፊት ነው፣ የተማረችውም እዚያ መፈለግን ነው። ይህን ልማድም የነገራት ሰው የለም፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ማን አንስቶ ይናገራል?

በረንዳው ባዶ ነው። አቧራው ላይ ጆንያ የተጎተተበት መስመር ብቻ ቀርቷል።

"ኢሳ! ጆንያዎቹስ?"

የግቢው ጠባቂ ኢሳ ከጥላው ሥር ተነሳ። "ወረቀት ገዢው ወሰዳቸዋ። ይመጣል፣ ስጠው ብለሽኝ የለ?"

"ጋዜጣውን ነው ያልኩህ! ጋዜጣውን ብቻ!"

"እኔ ምን አውቄ? ጆንያ ያው ጆንያ ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈ ነገር የለ። ትናንት ጠዋት ሁሉንም በካሮ ጋሪ ጭኖ ወደ ኦምዱርማን ሄደ።"

ልብ በሉልኝ፤ ስንቱን መጽሐፍ ቁጥር ስትለጥፍ የከረመች ልጅ እነዚያን ጆንያዎች ምልክት ሳታደርግባቸው ነው የተወቻቸው። ናርዶስ እጇን አፏ ላይ እንደጫነች ዞር ስትል እትዬ ማዘንጊያ በሩ ላይ ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል።

"ኦምዱርማን ወረቀቱን ምን ያደርጉታል?" ብለው ጠየቁ፣ ድምፃቸው ቀጭን ሆኖ።

ኢሳ መሬት መሬት አየ።

"ያላ፣ እንሂድ" አሉ።

ሃፍላው ላይ ተሳፈሩ፤ ካርቱሞች አውቶቡሱን እንዲህ ነው የሚሉት። አርብ ስለሆነ ሰው አልበዛበትም። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ናርዶስ ጨነቃትና ጋሼ በየነ ጋ ደወለች። የሆነውን በተቆራረጠ ቃል ነገረቻቸው።

በስልኩ ውስጥ ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማል። ከዚያ "ከኋላ አላየሽም?" አሉ።

"አላየሁም ጋሼ።"

"አንዱንም?"

"አንዱንም።"

 በመጨረሻ "ልንገራት፣ ልንገራት እያልኩ... ታውቃለች ብዬ እኮ ነው" አሉና ዘጉት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ከአጠገቧ እትዬ ማዘንጊያ ዓይናቸውን ከናይል ውኃ ላይ አላነሱም።

የኦምዱርማን ገበያ አርብም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። እየጠየቁ ሄደው ወረቀት የሚሸጥበት ጠባብ መንገድ ውስጥ የኦመርን ሱቅ አገኙት። ኦመር ሆዱ ገፋ ያለ ሱዳናዊ ነው፤ በአሮጌ ካርቶን ክምር ላይ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል። ናርዶስ በአረብኛ ነገረችው።

"የሐበሻ መጽሐፍ?" ብሎ ሳቀ። "አለ፣ አለ! ግን ምን ያደርግልሻል የኔ እህት? በዚህ ገበያ መጽሐፍን እስከ መጨረሻው የሚጨርሰው ኦቾሎኒ ሻጭ ብቻ ነው።"

ናርዶስ አልሳቀችም። ሰውየውም የአሮጊቷን ፊት ሲያይ ሻዩን አስቀመጠ፣ ተነስቶም ጆንያዎቹን ጎተተ። የመጀመሪያውን ሲፈታ ቀይ ልባስ ብቅ አለ። አሉ! ናርዶስ አንዱን አንስታ ከኋላ ገለጠች፤ የእጅ ጽሕፈቱ በቦታው ነው። ሌላውንም ገለጠች፣ አለ። መሬት ላይ ተቀመጠች።

እትዬ ማዘንጊያም አጠገቧ ቁጭ አሉ። መጻሕፍቱን አንድ በአንድ እያነሱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ። ይዳስሱና ያስቀምጣሉ። ኦመር ሁለተኛውንም ጆንያ ፈታላቸው። እንደዚያው ዳሰሱ፣ አስቀመጡ። ጆንያው ባዶ ሆነ። ሰማያዊ ክር የለም።

"ይኸው ነው? ሌላ የለም?" አለች ናርዶስ።

ኦመር ጢሙን አሻሸ። "ከላይ ከላዩ አንድ እቅፍ ዛሂራ ወስዳለች፣ የአገራችሁ ልጅ። ሃፍላ መቆሚያው ጋ፣ ከኒሟ ዛፍ ሥር ኦቾሎኒ ትሸጣለች። ማአለሽ፣ ሀጃ" አለ ወደ እትዬ ማዘንጊያ ዞሮ፤ ይቅርታ እናቴ ማለቱ ነው።

ዛፏን ከሩቅ አዩዋት። ከሥሯ አንድ የረክሻ ሹፌር ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪው ላይ ተደግፎ ኦቾሎኒ ይቆረጥማል። ኦቾሎኒው ያለው እንደ ቀንድ በተጠቀለለ ወረቀት ውስጥ ነው። ናርዶስ ቀረብ ስትል ወረቀቱ ላይ ያሉትን ፊደሎች ለየቻቸው። ጥቁርና ቀይ የአማርኛ ፊደል ነው። ሰውየው የመጨረሻዋን ፍሬ አፉ ውስጥ ጣለ፣ ወረቀቱን ጨበጥ አድርጎ ወረወረው። መሬት ላይ፣ የሰው እግር ሥር፣ እንዲያ ያለ ብዙ የተጨበጠ ወረቀት አለ።

ዛሂራ ወሎዬ ናት። በሰው ቤት ሥራ ብዙ ቆይታ ነው ወደ ንግድ የወጣችው። ሁለቱን ስታይ ፊቷ በራ። "ውይ አበሾች! እንደምን ዋላችሁ! ኑ፣ ቅመሱ፣ ትኩስ ነው!" ብላ ሳይጠይቋት ጠቅልላ እትዬ ማዘንጊያ እጅ ላይ አስቀመጠችላቸው።

እትዬ ማዘንጊያ ኦቾሎኒውን ቅርጫቱ ላይ መልሰው ደፉትና ወረቀቱን መዳፋቸው ላይ ዘረጉት። በጣታቸው እጥፋቱን እያቃኑ ያዩታል። እንባ የላቸውም። የዛሂራም ሳቅ ጠፋ።

"ምን... ምን አጠፋሁ?"

ናርዶስ ከዛሂራ ጎን የተከመሩትን መጻሕፍት አይታለች። አንዱን አነሳች። የፊቱ ልባስ አለ። የርዕሱም ገጽ አለ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች አንድም አልተነኩ! ደስታ ልቧን መታው። "እትዬ፣ ገና ነው! ገና መጀመሩ ነው፣ መጨረሻው ይኖራል..." እያለች ወደ ኋላ ስትገለብጥ እጇ ባዶ ላይ አረፈ። ከኋላ ያለው ግማሽ ተገንጥሏል።

"ለምንድን ነው ከኋላ የቀደድሽው?" ብላ ጮኸች። "ሰው መጽሐፍ ሲቀድ ከፊት አይጀምርም?"

"ወላሂ ከፊት ነው የቀደድኩት!" አለች ዛሂራ ደንግጣ። አንዱን መጽሐፍ አንስታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና በቀኝ እጇ የኋላውን ልባስ ከፈተች። "ይኸው! መጀመሪያው ይኼ አይደለም? እኔ የተማርኩት ልጅ ሆኜ ሼሁ ዘንድ ነው፣ ቁርኣን ነው የቀራሁት። መጽሐፍ ከቀኝ ነው የሚጀመር። የአማርኛ ፊደል መሆኑን መልኩን አይቼ አውቃለሁ፣ ግን አልቆጠርኩትም። ተራ መጽሐፍ መሰለኝ።"

ናርዶስ አፏን ከፍታ ቀረች። እሷ ከኋላ ገልጣ ያላየችውን፣ ይቺ ሴት ከኋላ ጀምራ ቀድማ ቀደደችው። ከሁሉ በፊት የወጣው ቅጠል ያ ቅጠል ነው።

"በእጅ የተጻፈበት ቅጠልስ? እሱንም ኦቾሎኒ ጠቀለልሽበት?"

"እሱን እንኳ አልጠቀለልኩበትም" አለች ዛሂራ ቶሎ ብላ። ጥፋቷን የሚያቀልላት መስሏት ነው። "የብዕር ቀለም ኦቾሎኒውን ይነካዋል፣ ደንበኛ ይቆጣል። እሱን ለብቻ እያደረግሁ..." አልጨረሰችውም። ዓይኗ ሳታስበው ኦቾሎኒ ወደምትቆላበት ምድጃ ሄደ። ምድጃው ውስጥ ከሰሉ በአመድ ተሸፍኗል። "እሳቱን... ማቀጣጠያ..."

 የረክሻው ሹፌር ከአንዱ ወደ ሌላው እያየ ቆሟል። ዛሂራ ነገሩን ከናርዶስ አፍ ስትሰማ፣ የእነማን ስም እንደነበረ ስትረዳ፣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "ያ አላህ! የሙት ስም? የሙት ስም ነው ያቃጠልኩት?"

በዚህ መሐል እትዬ ማዘንጊያ ከክምሩ ውስጥ አንዱን መጽሐፍ ይዘዋል። ጀርባው ላይ ሰማያዊ ክር አለ። የግማሹ ገጽ ቢሄድም ክሩ ቀሪውን አጥብቆ ይዞታል። ደረታቸው ላይ ለጥፈውት ቆዩ። ከዚያ ለናርዶስ ዘረጉላት።

"የኔ አለ። አልነገርኩሽም? ክሩ ነው ያተረፈው። በይ አንብቢልኝ። ጋሼ በየነ በየአርቡ ያነቡልኝ ነበር፣ ዛሬ አርብ ነው።"

ናርዶስ ተቀበለች። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ኅትመት መሐል ላይ ተቋርጧል። የእጅ ጽሕፈት የለም።

እንግዲህ አስቡት። ሴትዮዋ አያነቡም። ዛሂራም ይህን ፊደል አታነብም። ናርዶስ የፍቅርተማርያምን ቅጠል ስላነበበች አጻጻፉን አውቃዋለች፤ ስሙን ብቻ ቀይራ "ይህ መጽሐፍ ለቃለአብ መታሰቢያ ይሁን" ብትል የሚያውቅባት በዚያ ዛፍ ሥር አንድም ሰው የለም። አሮጊቷም ደስ ብሏቸው ቤታቸው ይገባሉ። ይህን ሁሉ አሰበች። ከንፈሯ ሊጀምረው ተንቀሳቀሰ፤ "ይህ መጽሐፍ" የሚለው ወጥቷል።

ከዚያ አቃታት። "የለም እትዬ" አለች። "ስሙ የለም። ተቀዷል። ሄዷል።"

እትዬ ማዘንጊያ የሰሙ አይመስሉም። ቆይተው መጽሐፉን ከእጇ ወሰዱ፣ እንዳይወድቅ ተጠንቅቀው ኦቾሎኒው ቅርጫት ላይ አስቀመጡት፣ ነጠላቸውን አጣፉና ወደ ሃፍላው ሄዱ።  ናርዶስ ብትጣራ እንኳ ዞር ብለው አላዩዋትም።

ዛሂራ የተረፈውን ሁሉ፣ የተገነጠለውንም ጭምር፣ በራሷ ነጠላ ጠቅልላ አስታቀፈቻት። የረክሻው ሹፌር ጎንበስ ብሎ የጣለውን ወረቀት አነሳ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገና እሱንም ጨመረበት። ኦመር ጋ የቀሩትን ጆንያዎችም በረክሻው ጭኖ ንባብ ቤቱ ድረስ አደረሰላት።

በዚያ ሳምንት ናርዶስ ዩኒቨርሲቲ አልሄደችም። ንባብ ቤቱን ከውስጥ ዘግታ መጻሕፍቱን ሁሉ ከኋላ ወደ ፊት እንደ አዲስ ገለጠች። ርዕሱ አንድ ነው፣ ይህ አልተለወጠም። ማተሚያ ቤቱም አንድ ነው። አሁን ግን ለያንዳንዱ ለየብቻው ካርድ ጻፈች፣ ከርዕሱም በላይ የሰውየውን ስም አስቀደመች። በስሙ የሚጠይቅ ሰው በስሙ ማግኘት አለበት። ስማቸው ለተቃጠለው ግን ምን ትጻፍ? ልባሱን ጠግና፣ ዛሂራ የሰጠቻትን ገጾች በየቦታቸው ለጥፋ፣ መጨረሻ ላይ ነጭ ቅጠል ጨመረችበት። ነጩ ላይ ብዕሯን ስንት ጊዜ አስጠጋች፣ ስንት ጊዜ መልሳ አነሳች።

አርብ ደረሰ። ወሬው ሳጃናን አዳርሶ ስለነበር ክፍሏ ከአፍ እስከ ገደፏ ሞላች። ሰው ሁሉ ቆሟል፤ የሚቀመጥ የለም፣ የሚጮህም የለም። ናርዶስ ጩኸቱን ጠብቃ ነበር የመጣችው፣ ዝምታው የባሰ አስደነገጣት። መጀመሪያ የቀረቡት አቶ ስለሺ ናቸው። "ፍቅርተማርያምን" አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። ናርዶስ ካርዱን አይታ ሄዳ አመጣችላቸው። መጨረሻውን ገልጠው አዩና መጽሐፉን ሳሙት። ለአንዳንዱ እንዲህ ሆነለት። ለአንዳንዱ ደግሞ ነጩን ቅጠል ገልጣ ማሳየት ነበረባት። አንዲት ሴት ነጩን አይታ "ደግሞ ሞተብኝ?" አለች።

እትዬ ማዘንጊያ ሳይመጡ ቆዩ። ናርዶስ በሩን እያየች እጇ ሥራ አልይዝ አላት። ሴትዮዋ ከቀሩ ጥፋቱ እዚያው ዛፍ ሥር እንደተቀመጠ ይቀራል፤ ያ መጽሐፍም ባለቤት የሌለው ግማሽ መጽሐፍ ይሆናል።

ሰው ትንሽ ሳሳ ሲል ነጭ ነጠላ በሩ ላይ ታየ። ቀጥ ብለው መጡና ጠረጴዛው ፊት ቆሙ።

"ቃለአብን ስጪኝ።"

ናርዶስ ካርዱንም አላየች። ሄዳ መዘዘችና በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። ክሩን ዳሰሱ፣ ከኋላ ገለጡ።

"ነጭ ነው" አሉ።

"አዎ እትዬ። ከራሴ አልጻፍኩም። እርስዎ የሚሉትን ነው የምጽፈው።"

እትዬ ማዘንጊያ ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑና፣ ልክ ጋሼ በየነ እንደሚያነቡት አድርገው፣ በዝግታ ጀመሩ። "ይህ መጽሐፍ ለቃለአብ መታሰቢያ ይሁን። ክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል። እናቱ ማዘንጊያ ሰጠች። ውኃ ለጓደኛው ሰጥቶ ሰሐራ ላይ ቀረ። ያነበበ ሁሉ ነፍስ ይማር ይበል።" አንዲት ቃል አልተደናቀፉም።

የናርዶስ ብዕር አየር ላይ ቀረ። "እትዬ... ሁሉንም በቃልዎ ያውቁታል?"

"በየአርቡ እየተነበበልኝ እንዴት አላውቀው?"

"ታዲያ እኔ... ታዲያ ከመጀመሪያውም..."

"ታዲያ ምን?" አሉ፣ ዓይናቸውን ገልጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን እያዩ። "እኔ ስሞትስ ማን ይለዋል?"

ናርዶስ ብዕሯን አወረደች። አስተማሪዋ ስለ ሰው ጭንቅላት ያሉት አሁን ገና ገባት። እንባዋ ነጩ ቅጠል ላይ ሊንጠባጠብ ሲል እትዬ ማዘንጊያ በነጠላቸው ጫፍ ቀለቡት።

"ኋላ ታለቅሻለሽ፣ አሁን ጻፊ። ቅጠሉን ታበላሺዋለሽ።"

ጻፈች። ጽሕፈቷ እንደ ጋሼ በየነ አያምርም፤ ፊደል እንደ ጀመረ ሕፃን ነው፣ አንዱ ገዘፍ አንዱ ቀጠን ይላል። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችበት።

"በይ አንብቢልኝ።"

ከእትዬ ማዘንጊያ ጀርባ ያቺ "ደግሞ ሞተብኝ" ያለችው ሴት መጽሐፏን አቅፋ ቆማለች። ከእሷም ኋላ ሌላ ሰው ቆሟል። ናርዶስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እየተኮላተፈች አነበበች። ስትጨርስ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ አፍ "ነፍስ ይማር" አለ።